ዋንዛ ወይስ ላሜራ

የቤታችን በር አባቴ ከዋንዛ ሳንቃ ያሠራው ነው። ክረምት ሲገባ ያብጥና ከመቃኑ ጋር ይጣላል፤ በጋ ሲመጣ ይከሳና በሳንቃዎቹ መካከል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ይተዋል። የታችኛውን ጠርዙን የዝናብ ፍንጣቂ በልቶታል። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ፣ ለቅሶ ሄደን ቤቱ ባዶ በነበረበት ቀን፣ ሌባ በትከሻው ገፍቶት ገባ። ያን ማታ በሩ እንዲቀየር ወሰንሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ብየዳ ቤት ነው። ባለሙያው በቱቦላሬ የተዋቀረ፣ በሁለት ወገን ላሜራ የለበሰ በር አሳየኝ። በቡጢ ሲደበድበው ሰፈሩ አስተጋባ። «ይህን እንኳን ሌባ መኪናም አይጥሰው» አለኝ። ቀለሙ በየጊዜው ካልታደሰ ዝገት ከታች ጀምሮ እንደሚበላው፣ ፀሐይ ሲያርፍበትም እንደ ምጣድ እንደሚግል አውቃለሁ፤ ይህ የሚቻል ነው። ቀብድ ልከፍል እጄን ኪሴ ከከተትሁ በኋላ የመለሰኝ ሌላ ነገር ነው።

እናቴ ቀኑን ብቻዋን ትውላለች። አምና በሚያዝያ ከመደብ ስትነሣ ወድቃ ዳሌዋን ተጎዳች። ስልኩ አልጋ ላይ፣ እርሷ ወለል ላይ። ድምፅዋ ድሮም ቀጭን ነው። ጎረቤታችን ግን ልብስ ልታሰጣ ወጥታ በሳንቃዎቹ ክፍተት ሲቃዋን ሰማች፤ ልጇን ጠርታ በሩን በትከሻው አስገፋችው። እኔ ከባንክ እስክደርስ እናቴ ሐኪም ፊት ነበረች። ሌባውንም አዳኟንም ያስገባቸው ያው የበሩ ድካም ነው።

ከብየዳ ቤቱ ስመለስ በአክሱም ሐውልት ግርጌ የተቀረጸው በር ትዝ አለኝ። ከድንጋይ የተፈለፈለ ነው፤ ምስጥ አይበላውም፣ ሌባ አይሰብረውም። ማንም ግን ገብቶበት አያውቅም።

አሉሚኒየምና መስታወቱን አይቼ አለፍሁ። ቀኑን ሙሉ በሥራ ቦታ የምገፋውን በር ማታ ቤቴ ላይ ላገኘው አልፈለግሁም።

የቀረው እንጨት ነው። የሰፈራችን አናጢ አዛውንት ናቸው፤ ስለ እንጨት ሲናገሩ ስለ ሰው ጠባይ የሚያወሩ ይመስላል። «ባሕር ዛፍ ይጣመምብሃል። ጽድን ምስጥ አይደፍረውም፣ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ታዛዥ ነው።» ዋንዛ ደግሞ እንደ አባቴ ዘመን አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ዋንዛንም ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ገበያ ላይ ቢገኝም እርጥብ ከሆነ በር ከሆነ በኋላ ነው አመሉን የሚያወጣው።

አዛውንቱ ቤት መጥተው አሮጌውን በር ከላይ እስከ ታች በጣታቸው አንኳኩት። ከጉልበት በላይ ድምፁ ጥርት ያለ ነው።

«ይህን ያህል ዘመን የደረቀ ዋንዛ ትጥላለህ?» አሉኝ፤ አፈርሁ።

ታችኛው ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ሳንቃ ይተካል፤ በውጭ በኩል፣ ፍንጣቂው በሚያርፍበት፣ አንድ ስንዝር ላሜራ ይለብሳል። ቁልፉ ጠንካራ ይሆናል፤ አንዱ መክፈቻ ጎረቤታችን ዘንድ ይቀመጣል። መወርወሪያው የሚዘጋው ሌሊት፣ እኔ ቤት ሳለሁ ብቻ ነው።

አዛውንቱ ክፍተቶቹን በቀጭን እንጨት ሊደፍኗቸው መለካት ሲጀምሩ እናቴ ከመደቧ ሆና ተጣራች፤

«አንዱን ተዉልኝ።»

«ብርድ ያስገባል እኮ፣ እማዬ» አልኋት።

«ጋቢ አለኝ» አለች።