ላፕቶፑ ምን በደለ?

ጠቅ! ይህችን ድምፅ ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ሁሉ ያውቃታል። ቤዙ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ስትሪንጉ ከኋላ ይዘረጋል፣ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ከዚያ ማንም ሳይጠራት ጠቅ ትላለች፤ ምስር ወጥ ውስጥ ጥርስ ላይ እንደምትገኝ ጠጠር። አንዳንዴ ብቻዋን አትመጣም። ምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ትንጣጣለች።

ፈረንጆቹ ክሊክና ፖፕ ይሏታል። የኛ ሰፈር አቀናባሪዎች ደግሞ «ይቆራረጣል»፣ «ይንጣጣል» ይላሉ። ሲመራቸው «ባክህ ኮምፒውተሩ አልቻለም» ይላሉ። የዛሬው ጠቤ ከዚች ከመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ጋር ነው።

ለምን ቢባል፣ «ኮምፒውተሩ አልቻለም» የምትለው ፍርድ ገንዘብ ታስወጣለች። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ አንዷን ክፍል ስቱዲዮ ያደረገ ጓደኛ አለኝ። (ስቱዲዮ ስል በሯ ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለባት፣ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈባት ክፍል ማለቴ ነው። የእንቁላል ካርቶን የጎረቤት ድምፅ እንደማያስቀር ብነግረውም አልሰማኝም፤ ሌላ ቀን እንጣላበታለን።) አንዲት ጀማሪ ድምፃዊት የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋን እሱ ጋ እያሠራች ነበር። ሦስት ጊዜ መጥታ ሰማች። በሦስተኛው «ወንድሜ፣ ይሄ ጠቅ ጠቅ የሚለው ዘፈኑ ነው ወይስ የኔ ጆሮ?» አለችው። የከፈለችውን ቀብድ አላነሳችም፣ ግን ሁለቱም እያሰቡት እንደነበር ግልጽ ነው።

ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ራም ጨመረለት። ጠቅታዋ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ወዳጄ ቆረጠ። በዚያ ወር ዕቁብ ደርሶት ስለነበር ለስድስት ወር ኪራይ ያሰበውን ብር አውጥቶ አዲስ ላፕቶፕ ሊገዛ ተነሳ። «እስከ ሰኞ ታገሰኝ» አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ቁጭ አልን።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት ጠቅታዋ ራሷ ምን እንደሆነች እንነጋገር። ዲጂታል ድምፅ የቁጥር ሰልፍ ነው። በሲዲ ጥራት ከሄድን በአንድ ሰከንድ ውስጥ 44,100 ቁጥሮች ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ቁጥር በዚያች ቅጽበት የስፒከሩ ወረቀት ወደፊት ወይም ወደኋላ ምን ያህል መገፋት እንዳለበት ይናገራል። ቁጥሮቹ እንደ ደረጃ ተራ በተራ ሲወጡና ሲወርዱ ጆሯችን ዜማ ይሰማል። አንዱ ቁጥር ሰገነት ላይ ሆኖ ቀጣዩ ድንገት ዜሮ ሲሆን ግን ስፒከሩ ደረጃውን ትቶ ይዘላል። ጠቅታ ማለት ይቺ ዝላይ ናት። በአንድ ቅጽበት የሚደረግ ዝላይ ደግሞ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድረስ የሁሉንም ድምፅ ቅንጣት ይይዛል። ለዚህ ነው እንደ ድር ለስላሳ የሆነ ቤዝ ውስጥ እንኳን ሹል ሆና የምትሰማው።

ጥያቄው ዝላዩን ማን አመጣው የሚል ነው። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው እውነትም ኮምፒውተሩ ነው። ሠርግ ቤት አስቡ። ሳውንድ ካርዱ አስተናጋጅ ነው፣ በየደቂቃው እየመጣ ትሪ ሙሉ እንጀራ ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ ጋጋሪዋ ናት። ትሪው «በፈር» ይባላል። በፈሩ 256 ቁጥር የሚይዝ ከሆነ ጋጋሪዋ ትሪውን ሞልታ ለመጠበቅ ያላት ጊዜ 5.8 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። አንዴ ከዘገየች አስተናጋጁ ባዶ ትሪ ይዞ ይወጣል፤ ሰልፉ ይቋረጣል፤ ጠቅ! በፈሩን 1,024 ብናደርገው ወደ 23 ሚሊሰከንድ ይደርስና ጋጋሪዋ ትተነፍሳለች። ዋጋው መዘግየት ነው። ኪቦርዱን ተጭነህ ድምፁ ዘግየት ብሎ ስለሚመጣ እጅህ ምቱን ይስታል። ስለዚህ በፈር ስትጫወት ይጠባል፣ ስትሚክስ ይሰፋል። ወዳጄ ግን «ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች 128 ነው የሚጠቀሙት» ስላሉት 128 ላይ አድርጎ ዓመት ሙሉ አልነካውም። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ደግሞ ያቺን ቁጥር የሚመርጡት ድምፃዊው በጆሮ ማዳመጫ ራሱን እየሰማ ሲቀረጽ ነው፤ ያን ነገር ማንም አልነገረውም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ድምፁ ራሱ ነው። ጋጋሪዋ በሰዓቱ ጋግራለች፣ ሊጡ ውስጥ ግን ጠጠር አለ። ይሄኛውን አዲስ ላፕቶፕ አይፈታውም። የጠፈር መንኮራኩር የሚያስነሳ ኮምፒውተር ብትገዛም ጠጠሩን በጥራትና በፍጥነት ያቀርብልሃል እንጂ አይለቅመውም።

ሁለቱን የምንለይበት መንገድ ምንም ወጪ የለውም። ዘፈኑን ወደ ፋይል ኤክስፖርት ማድረግ ነው። ኤክስፖርት ሲደረግ አስተናጋጅ የለም፤ ፕሮሰሰሩ የፈለገውን ያህል ጊዜ ወስዶ ቁጥሮቹን ይጽፋል። ፋይሉ ላይ ጠቅታዋ ከጠፋች ጥፋቱ የፍጥነት ነበር። ፋይሉም ላይ በዚያችው ኖታ ላይ ካለች ከድምፁ ናት። (አንዳንድ ሲንተሳይዘር ሞገዱን በየጊዜው ከተለያየ ቦታ ስለሚጀምር አንዴ ጎልታ አንዴ ደብዝዛ ልትሰማ ትችላለች፤ ኖታዋን ግን አትለቅም።) ይቺን ፈተና ሳያደርጉ ራም የሚያስጨምሩ ሰዎች፣ ደም ሳይመረመሩ የወባ መድኃኒት የሚውጡ ይመስሉኛል።

የወዳጄን ዘፈን ኤክስፖርት አድርገን ሰማነው። እንደ ሽምብራ የሚንጣጣው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። እንደ ጠጠር ያለችው፣ በእያንዳንዱ የቤዝ ኖታ መነሻና መጨረሻ ላይ የምትመጣው፣ እዚያው ቁጭ ብላለች። በሽታው ሁለት ነበር ማለት ነው፤ ሁለቱንም «ኮምፒውተሩ አልቻለም» በሚል አንድ ስም ሲጠሯቸው ከርመዋል።

የሽምብራው ቶሎ አለቀ። በፈሩን ወደ 1,024 አሰፋን፣ ዋይፋዩን አጠፋን (የዋይፋይ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን በየመሃሉ ይጠራዋል፣ ጋጋሪዋን ስልክ እንደማስነሳት ነው)፣ ላፕቶፑን ከባትሪ ቁጠባ ወደ ሙሉ ጉልበት ቀየርነው። የከበዱትን ትራኮች ደግሞ ወደ ኦዲዮ ለወጥናቸው። ሰላም ሆነ።

ቤዙ ነው ጊዜ የወሰደብን፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ድምፁ ሳይን የሚባለው፣ ከሁሉም ንጹሑ ሞገድ ነበር። 50 ኸርዝ ላይ ያለ ሞገድ አንድ ዙር ወጥቶ ወርዶ ለመመለስ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ኪቦርዱ ላይ ያለው ጣት ግን የሞገዱን ዙር አይጠብቅም፤ ሞገዱ ጫፍ ላይ እያለ ይነሳል። ሲንተሳይዘሩ ውስጥ ድምፅ እንዴት እንደሚነሳና እንዴት እንደሚከስም የሚወስነው ክፍል ኤንቨሎፕ ይባላል። የወዳጄ ቤዝ ኤንቨሎፕ አታኩም ሪሊዙም ዜሮ ላይ ነበሩ። ጣት ሲነሳ ድምፁ በቢላዋ ይቆረጣል ማለት ነው። አታኩን 4 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዙን 20 ሚሊሰከንድ አደረግናቸው። ሰው ጆሮ በዚህ ፍጥነት የሚከስም ድምፅ ዘገየ ብሎ አይከስም፤ ዝላዩ ግን ወደ ደረጃ ተለወጠ። ጠጠሯ ከዚያ በኋላ አልተሰማችም።

ለምን ጊታሩ ላይ ያው ዜሮ እያለ ጠቅታ አልተሰማም? ጊታር መሰል ድምፅ በቀጫጭን ድምፆች የተሞላ ስለሆነ ጠቅታዋን ይደብቃታል። ንጹሕ ቤዝ መደበቂያ የለውም። ከበሮው አብሮ ሲመታም ትደበቃለች። ለዚህ ነው መግቢያው ላይ ቤዙ ብቻውን ሲሆን ድምፃዊቷ የሰማችው፣ አዝማቹ ላይ ግን ያልሰማችው። ጆሮዋ ደህና ነበር።

ችክችካ ምት ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ኖታዎቹ ተከታትለው ይመጣሉ። ቤዙ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ የፊተኛው ሳይከስም አዲሱ ሞገድ ከዜሮ ይነሳል፤ መጋጠሚያው ላይ ዝላይ ይፈጠራል። እዚህ ላይ ሪሊዝ ማስረዘም አያድንም። ሞገዱ በየኖታው ከዜሮ እንዲጀምር የሚያደርገውን ቁልፍ ማጥፋት፣ ወይም ኖታዎቹን ትንሽ አሳጥሮ በመሃላቸው ትንፋሽ መተው ነው መፍትሔው። የዚህ ዘመድ የሆነ ችግር በጥንቶቹ ኪቦርዶችም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 በአንድ ጊዜ 16 ድምፅ ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ 17ኛውን ስትጫን ከአንዱ ቀምቶ ይሰጥሃል። ዛሬም ብዙ ሶፍትዌር ሲንተሳይዘሮች የድምፅ ብዛት ገደብ የሚሞሉበት ትንሽ ሳጥን አላቸው። ስትሪንጉ ላይ ኮርድ ሲቀየር ብቻ ጠቅ የሚል ካለ መጀመሪያ እሷን ሳጥን ማየት ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ቀዩ መብራት እየበራ የሚመጣ ጩኸት ከፍታ ነው፣ ዝቅ አድርጉት፣ አለቀ። ቮሊዩም በኖብ ሲዞር ዚፕ እንደሚዘጋ የሚል ድምፅ የሚመጣው ተራው የሚዲ መልእክት ከ0 እስከ 127 ያሉ 128 ደረጃዎች ብቻ ስላሉት ነው። ደረጃዎቹን የሚያለሰልስ አማራጭ ካለ ማብራት፣ ከሌለም ለውጡን ሶፍትዌሩ ውስጥ በመስመር መሳል ይሻላል። ዋሽንት ቀርጾ ሉፕ የሚያደርግ ደግሞ መቁረጫውን ሞገዱ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ያድርግ፣ ካልሆነም ሁለቱን ጫፎች አደራርቦ ያሸጋግራቸው።

በነገራችን ላይ ጠቅታ ሁሉ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ የቀረበው ሃሞንድ ኦርጋን እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ዘጠኝ የኤሌክትሪክ መገናኛዎች ነበሩት። ዘጠኙ እኩል ስለማይገጥሙ ኖታው ሲነሳ ጠቅ ይላል። ሠሪዎቹ እንደ ጉድለት ነበር የሚያዩት። የጃዝና የሮክ ተጫዋቾች ግን ወደዱት። ዛሬ ሃሞንድን የሚያስመስሉ ሶፍትዌሮች ጠቅታዋን መጨመሪያና መቀነሻ ኖብ ይዘው ይመጣሉ። ከኛም በገናን አስቡ። በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ የምትገባው ሆን ተብሎ እንዲነዝር ነው። ያንን ንዝረት ያጸዳ ሰው በገናውን ነው የሚያጠፋው። ወዳጄ ቤዙ ሲሳካለት ጊዜ ሞቅ ብሎት የክራሩን ቅጂም ሊያጸዳ ተነስቶ ነበር። የሰማው ነገር ጣት አውታር ሲነካ የሚወጣው ድምፅ ነው። ከለከልኩት።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። አታክና ሪሊዝን በሁለት ደቂቃ ማሳየት የሚችሉ ሰዎች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። ሲጠየቁ ፈገግ ብለው «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ወዳጄ አንዱን ስቱዲዮ ድረስ ሄዶ ጠይቆት ነበር፤ የተሰጠው መልስ የላፕቶፕ ሞዴል ስም ነው። ድሮ ኪቦርድ የሚገዛ ሰው ፋብሪካው ጨርሶ ያለሳለሳቸው ድምፆች ነበሩ የሚደርሱት። እ.ኤ.አ. በ1999 ስታይንበርግ ሲንተሳይዘርን ኩቤዝ ውስጥ የሚሰካ ሶፍትዌር ካደረገ ወዲህ ግን የፋብሪካው ሥራ በከፊል ለኛ ተላልፏል፤ ኖቦቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፣ ዜሮ ላይ የሚያስቆማቸው የለም። መሣሪያውን ከፍቶ ዕውቀቱን ቆልፎ መስጠት ለኔ ሙያ አይደለም፣ ንግድ ነው። ያውም የሌላ ሰው ዕቁብ የሚበላ ንግድ።

ላፕቶፑ አልተገዛም። ኪራዩ ተከፈለ። ድምፃዊቷ ሰኞ መጥታ በጆሮ ማዳመጫ ሁለት ጊዜ ሰማችው፣ ሁለተኛውን ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ ስለ ጠቅታ ምንም ሳትል ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ትንሽ ከፍ ይበል አለች።

የቀረን የድሮዎቹ ዘፈኖች ናቸው። ሃርድ ዲስኩ ሲበላሽ የፕሮጀክት ፋይላቸው ጠፍቶ ሚክስ የተደረገው ብቻ ተርፏል፤ ኤንቨሎፕ የሚነካበት መንገድ የለም። ስለዚህ ሞገዱን በጣም አጉልተን፣ ዝላዩን በዓይን ፈልገን፣ በሶፍትዌሩ እርሳስ ጫፎቹን አንድ በአንድ እናገናኛለን። ጠቅታ የሚያነሱ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሞክረናቸዋል፤ ከጠቅታው ጋር የከበሮውን ጫፍ ይዘው ይሄዳሉ። አሁን ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነን፣ እሱ እርሳሱን ይይዛል፣ እኔ እሰማለሁ።