የተማሪዬ ጥያቄ

አገር ቤት ሥነ ዜጋ ሳስተምር አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ ልዩ ኃይል ሕገ መንግሥቱ ላይ የት አለ?» አለኝ። አንቀጽ 52 ክልሎች ፖሊስ እንዲያደራጁ ይፈቅዳል፤ ልዩ ኃይል የሚል ግን የለውም። ልጁ ኋላ ራሱ ልዩ ኃይል ገባ።

መጋቢት 2015 መንግሥት ልዩ ኃይሎች ወደ መከላከያና ፖሊስ ይግቡ ሲል ሐሳቡን አልጠላሁትም። የከፋኝ ሕዝብ ሳይመክርበት መምጣቱ ነው። አማራ ክልል ሰልፍ ወጣ፣ ተኩስ ተከተለ፤ ሐምሌ 28 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። የተማሪዬ ስልክ ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼ፣ የሚቻላችሁ የምክር ቤት ተወካያችሁን ጠይቁ። እዚህ ስደት ላይ ያለነውም በብሔር ሳንከፋፈል አብረን እንጠይቅ፦ ስንቱ ተመደበ? ስንቱስ ቤቱ ገባ? እናቶቻቸው መልስ እየጠበቁ ነው።