የአያቶቻችን ስም የት ገባ?

ባለፈው ጥር እኔና ባለቤቴ ከደሴ ተነሥተን ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል ሄደን ነበር። ጉዞው ለአገልግሎት አልነበረም። የልጃችን እጮኛ ቤተሰቦች «እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልን» ስላሉን የባለቤቴን የትውልድ ሐረግ ለማጣራት ነው። በእጃችን የነበረው አንድ አጎቱ የጻፉት ዝርዝር ነበር። በዝርዝሩ ራስ ላይ «ከጃንጥራር ዘር» ይላል። ጃንጥራር የአምባሰል ገዢዎች ማዕረግ ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነንም የጃንጥራር አስፋው ልጅ ነበሩ። እንዲህ ያለ ስም በዘሩ ቢገኝ ማን ይጠላል?

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቴ የእስጢፋኖስን ገዳም ሊያይ ሲገባ፣ ሴት ስለማይገባበት እኔ ከውኃው ዳር ተቀምጬ ቀረሁ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደዚህ ገዳም የመጡት በ1248 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለገዳሙ የሰጡት የብራና አራቱ ወንጌል በታሪክ የታወቀ ነው። ከአራቱ የመጀመሪያው ማቴዎስ ነው፤ ማቴዎስም የሚጀምረው በትውልድ ዝርዝር ነው።

የእኛን ዝርዝር ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሳለሁ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የሚስዮን ታሪክ ስማር ያነበብኩት የአንድ ቤተሰብ ነገር ትዝ አለኝ። ታሪኩ ከአምባሰል በስተምዕራብ ከምትገኘው ከመቅደላ ጋር የተያያዘ ነው።

ሞሪትዝ ሆል ከፖላንድ ከተማ ከክራኮው የመጣ፣ በትውልዱ አይሁዳዊ፣ በእምነቱ ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው ነበር። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ከተላኩት ባለሙያ ሚስዮናውያን ጋር በጋፋት ሆኖ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀልጥ ነበር። ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ ትባላለች፤ ፈረንጆቹ ካታሪና ይሏታል። አባቷ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን በያዙበት ሰሞን ሴት ልጅ ወለዱ፤ ማግዳሌና አሏት። ቤተሰቡ ከአገር ወጥቶ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ኢዮጴ በሚላት በጃፋ ተቀመጠ። ማግዳሌና በ1888 ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የተባለ የሩሲያ ባላባት አገባች። ዝነኛው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ (1921–2004) የልጅ ልጇ ነው።

ስለ ተዋናዩ በተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ግን ማግዳሌና የአንድ ስዊስ ሚስዮናዊና የአንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት ልጅ ተደርጋ ትገኛለች። ታሪክ አጥኚዎች ነገሩን ሲመረምሩ ልዕልቲቱ ጠፍታ ወለተ ኢየሱስ ተገኘች። ስሕተቱ እንዴት እንደ ገባ መገመት አያስቸግርም። የላኪው ማኅበር አገር የሰውዬው አገር ሆነ፤ በንጉሡ ሠራተኞች መካከል የኖረች ሴት ደግሞ ባሕር ማዶ ሲወራላት ልዕልት ሆነች። ክብር የተጨመረላት መስሎ እውነተኛ ስሟ ተወሰደባት።

በማግስቱ በውጫሌ በኩል አለፍን። በ1889 የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተለያይቶ ምን እንዳስከተለ ታውቃላችሁ። በወረቀት ላይ የሚሰፍር ቃል ቀላል አይደለም!

የባለቤቴ አክስት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ቡናው እየተቆላ ዝርዝሩን ስናነብላቸው መሐል ላይ አስቆሙን። «የኔ ጌታ፣ እነዚህ ሁለቱ አባትና ልጅ አይደሉም። አንድ ሰው ናቸው፤ ሲጠመቅ ነው ስሙ የተለወጠ» አሉት። ለወሎ ሰው ይህ አያስገርምም፤ ንጉሥ ሚካኤልም በ1878 ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ነበሩ። ባለቤቴ አስተካክሎ ጻፈ።

«ሚስቱስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ትንሽ ዝም አሉና ጀበናውን አሳዩኝ። «ይኸን የምትሠራ ነበረች፤ ሸክላ ሠሪ። አጎትህ እሷን ሊሸፍን ነው ጃንጥራሩን ያመጣ።»

ያን ሌሊት ከባለቤቴ ጋር ተከራከርን። እርሱ፣ «ጳውሎስ ጢሞቴዎስን መጨረሻ ስለሌለው የትውልድ ታሪክ አላስጠነቀቀውም? ሽማግሌዎቹ ያልጠየቁትን ለምን እናወራለን?» አለኝ። የፈራው ለልጃችን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እኔም ፈርቻለሁ። «ማቴዎስ ግን ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት አልደበቀም» አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ተኛ።

ሽማግሌዎቹ ቤታችን በመጡ ጊዜ ዝርዝሩን ያነበበው ባለቤቴ ራሱ ነው። ጃንጥራሩን ሰርዞታል፤ የአያቱን እናት ስም ከነሙያዋ ጠራ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሠርጉ ቀን አልተገኙም። ሠርጉ ግን ከፋሲካ በኋላ በደስታ ሆነ፤ ጌታ ይመስገን!

ባለትዳሮች ሆይ፣ አረጋውያን ወላጆቻችሁን በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። አንድ ሰው የነገራችሁን ከሌላ ሰው አረጋግጡ። የክርስትና ስምና የቤት ስም እንዳይምታታባችሁ ሁለቱንም ጻፉ። የእናቶችን ስም አትዝለሉ። በቤታችን መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሸክላ ሠሪዋ ስም አሁን በባለቤቴ እጅ ተጽፏል፤ ከታች በኩል የልጃችን ስም አለ።