ቅቤው ለእናቲቱ ይሁን

ውጫሌ ላይ ሴት ስትገላገል ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምትለዋም፣ «እንኳን አላህ በሰላም አገላገለሽ» የምትለዋም እኩል ትገባለች። ገንፎው ይገነፋል። በመሃል አንዷ እናት ለጋ ቅቤ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ጨቅላውን ታውጠዋለች፤ አንጀቱ እንዲለሰልስ ብላ። ክፋት የለበትም፣ ከፍቅር ነው። ግን አራሷ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ብትሆንስ?

ብዙ ሰው ዛሬም «ኤች አይ ቪ ያለባት እናት አታጥባ» ይላል። በአገራችን የሚሰጠው ምክር ሌላ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውሰድ፤ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ታጥባ፤ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ እያስጀመረች ቢያንስ እስከ ዓመቱ ትቀጥል። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች የሰውነት መከላከያ ሴላቸው (የሲዲ ፎር) መጠን ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀምራሉ። ምንም ካልተደረገ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45ቱ ሊያዙ ይችላሉ፤ እናትም ልጅም በወጉ ከታከሙ ከ5 በታች ይወርዳል።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የሚያበላሸው ጡትን ከሌላ ነገር ጋር መደባለቁ ነው። የአብሽ ውኃ፣ የስኳር ውኃና ቅቤ የጨቅላውን ስስ አንጀት ሊጎዱ፣ ለቫይረሱም በር ሊከፍቱ ይችላሉ። ደቡብ አፍሪካ ደርባን ውስጥ ተጠንቶ በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሦስት ወር ሲሞላቸው ድብልቅ ከተመገቡት 24 በመቶው፣ ጡት ብቻ ከጠቡት ደግሞ 15 በመቶ ያህሉ ተይዘው ነበር። ያኔ እናቶቹ የዛሬው መድኃኒት አልነበራቸውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የእናትየዋ ዝምታ ነው። ቫይረሱ እንዳለባት ለአማቷ ያልነገረች ምራት «ቅቤ አትስጡት» ብትል «ምን ቢኖርባት ነው?» ይባላል። ስለዚህ ዝም ትላለች። ጡት ብቻ ማጥባት ግን ለማንኛውም ሕፃን የተመከረ ነው። ሁሉም ቤት ከያዘው እሷ ከማንም አትለይም፤ ምስጢሯም ልጇም ይጠበቃሉ።

የልጁ ብቻ ሳይሆን የእናትየዋም ምግብ ይታሰብ፤ አጥቢ እናት በቀን ሁለት ጊዜ ተጨማሪ መብላት አለባት። አራስነቷ ሲያበቃ ገንፎውም አብሮ ይቀራል፤ በባዶ ሆድ የሚዋጥ መድኃኒት ይከብዳትና ወደ ማቋረጡ ልትሄድ ትችላለች። ባሎች፣ እሷን መመገብ የእናንተ ድርሻ ነው። ሕፃኑም የታዘዘለትን የቫይረሱን መከላከያ ሽሮፕ ይውሰድ፤ በስድስት ሳምንቱ ለደም ምርመራ ጤና ጣቢያ ይቅረብ።

አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር ያዙ። ቅቤውም ገንፎዋ ላይ ይፍሰስ። ወደ ጨቅላው አፍ የሚዘረጋ ጣት ካያችሁ፣ እናትየው እስክትናገር ሳትጠብቁ እናንተው በሉ፦ «እማማ፣ እስከ ስድስት ወር ለማንም ልጅ ከጡት ሌላ አይሰጥም ተብሏል።»