ጎንዶኮሮ፤ በነጭ ዓባይ መካከል ያለች ደሴት

ደሴት ሲባል በአሳባችን የሚመጣው በባሕር የተከበበ ምድር ነው። ከባሕር እጅግ በራቀችው በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ግን መንገደኛው ከነጭ ዓባይ ዳር ቆሞ ጎንዶኮሮ የምትባለውን ለምለም ደሴት ያያል።

ወንዙን በዚህ አገር ባሕር ኤል ጀበል ይሉታል፤ የተራራ ወንዝ ማለት ነው። ስሙም የተገባው ነው፤ ከኡጋንዳ ጠረፍ ከኒሙሌ ጀምሮ ከድንጋይ ጋር እየተላተመ፥ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳልና በዚያ በኩል መርከብ አያልፍበትም። ጁባ ሲደርስ ግን ቁጣው ይበርዳል። ምድሩ ሜዳ ስለሚሆን ውሃው ተሸክሞት የመጣውን አሸዋና ደለል ያስቀምጣል፤ ደሴቶቹም የዚሁ ደለል ሥራ ናቸው። ከዚህ ወደ ሰሜን ጀልባ ይሄዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. ስፒክና ግራንት ከቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል ሲመጡ፥ ከካርቱም በወንዝ የመጣውን ሳሙኤል ቤከርን ያገኙት በጎንዶኮሮ ነበር።

በጁባ ዝናቡ በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በከተማው ዙሪያ ሣሩ ይደርቃል፤ ሙቀቱም፥ ለደገኛ ሰው እውነቱን ለመናገር፥ የሚቻል አይደለም። ደሴቲቱ ግን ውሃ አጠገቧ ነውና የባሪ ሰዎች አትክልት ይተክሉባታል፥ ዓሣም ያጠምዳሉ።

ነገር ግን ወንዙ የሰጠውን ወንዙ ይወስደዋል። የእኛ ዓባይ በክረምት ሞልቶ በበጋ ይጎድላል፤ ገበሬውም ጊዜውን ያውቀዋል። የጁባው ወንዝ ከአካባቢው ጅረቶች የሚያገኘው የክረምት ጎርፍ ቢኖርም፥ ዋናው ውሃው ከቪክቶሪያና ከአልበርት ሐይቆች ስለሚመጣ፥ ሐይቆቹ ከፍ ካሉ ዓመታት ሙሉ ላይጎድል ይችላል። በዚሁ አቆጣጠር ከ1961 እስከ 1964 ዓ.ም. ቪክቶሪያ ሐይቅ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ አለ፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና እጅግ ሞላ። እንዲህ ባለ ጊዜ የደሴት ገበሬ በማሳው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፥ በሩቅ አገር በዘነበ ዝናብ ሰብሉን ሊያጣ ይችላል። ለቆ ለመሄድም አፈሩ ያሳሳዋል።

ወንዙ ከጁባ አልፎ ሱድ በሚባለው ሰፊ ረግረግ ይገባል። በዚያ ከውሃው ግማሽ ያህሉ በፀሐይ ይተናል። የቀረው በማላካል አጠገብ ከሶባት ጋር ይገናኛል፤ ሶባትም ከጋምቤላ የሚወርደውን የእኛን ባሮ ይዞ የሚመጣ ነው።