ሦስተኛው ኖዝል

ቶዮታ ሃይሉክስን የወደድኩት መጀመሪያ በጆሮዬ ነው። ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ አቀብል ነበር። ጠዋት ብርዱ ጣት ሲያደነዝዝ የአሮጌዎቹን ናፍጣ ፒካፖች ኳኳታ እየሰማሁ የማን መኪና እንደተነሳ ሳላይ አውቅ ነበር። ዋናው መካኒካችን፣ ጋሼ የምንለው፣ የጠዋቱ ድምፅ እንደማያሳስብ ያስረዳን ነበር፤ ሲሊንደሩ ሲቀዘቅዝ ናፍጣው ዘግይቶ ይቀጣጠላል፣ የተጠራቀመውም ባንዴ ስለሚነድ ይመታል። ሞተሩ ሞቆም ካልተወው ነው ጣጣው።

አንድ ቀን ከአንኮበር ገብስ የጫነ ሃይሉክስ ገባ። 2ኤል የሚባለው ሞተር ነው፤ 2,446 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ ስረግጠው ያንገራግራል፤ ሞቆም ያንኳኳል» አለ ሾፌሩ። «ቢዬላ ነው፣ ሞተሩ ይውረድ ብለውኛል።»

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ መጀመሪያ ናፍጣ እንደልቡ ይጠጣ እንደሆነ እንየው።»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ጅቡቲ ወደብ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር እኛ ዘንድ ጉልበቱ ማነሱ፣ ዳገት ላይም ጥቁር ጭስ መትፋቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ይህን ሳያስቡ ስንቶች ጤነኛ ሞተር አስፈትተዋል!

ጋሼ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ጎማ አውጥቶ በቦታው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ገጠመ። ሞተሩ ሲነሳ በቱቦው ውስጥ አረፋ ተከታትሎ ሲሮጥ በዓይኔ አየሁት። ከሰልባትዮው የሚመጣው ጎማ ተሰንጥቆ አየር ይስብ ነበር፤ ፊልትሮውም ሲፈታ ውሃና ጥቁር ዝቃጭ ወጣው። ሜዳ ላይ የሚበቃው ናፍጣ ጭነትና ዳገት ሲመጣ አይበቃም። ማንገራገሩ ከዚህ ነበር።

ይህ ቢስተካከልም ማንኳኳቱ ግን አልጠፋም። ጋሼ በ17 ቁልፍ የኖዝሎቹን ቱቦ ዳዶ ተራ በተራ እያላላ አዳመጠ። ሦስተኛው ሲላላ ድምፁ ጠፋ። እኔ አገኘነው ብዬ ስፈነጥዝ እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ የቢዬላ ብሮንዚን ቢበላም እኮ የዚያ ሲሊንደር ናፍጣ ሲቋረጥ ድምፁ ይቀላል። ስለዚህ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ አድርጎ ሦስተኛውንና አንደኛውን ኖዝል አቀያየረ። ሞተሩ ሲነሳ ምቱ ወደ አንደኛው ሲሊንደር ተዛውሮ ነበር! ጥፋቱ ኖዝሉ ነው፤ ናፍጣውን በመርጨት ፈንታ ያንጠባጥባል ማለት ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ዛሬም ከውስጤ አልወጣም። ያ ሞተር ሳይወርድ፣ ኖዝሉ ብቻ ተጠግኖ፣ መኪናው ወደ አንኮበር ተመለሰ።

አሮጌ ናፍጣ ፒካፕ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሞተሩ ይውረድ ስትባሉ በቅድሚያ ጎማውንና ፊልትሮውን አስፈትሹ፣ ኖዝሉንም አስቀያይራችሁ አዳምጡ። ቱቦው ሲላላ ዓይንና እጃችሁን አርቁ፤ በግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ምቱ ከኖዝሉ ጋር ካልተዛወረ ወይም የዘይት መብራቱ ከበራ ግን ሞተሩን አጥፉ፤ ወደ ጋራዥም አስጎትታችሁ ውሰዱት።