ኮዱና የችግር መዝገቡ ሲገናኙ
ጊትሃብ የፕሮግራም ኮድ ያስቀምጣል፤ ጂራ ስህተቶችንና የሚሠሩ ሥራዎችን እንደ «ጉዳይ» ይመዘግባል። ሁለቱን ለማያያዝ አስተዳዳሪው አንዴ ማገናኛውን ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በጉዳዩ መለያ ቁጥር ላይ ነው። ባለሙያው ቁጥሩን በብራንቹ (በኮዱ ቅርንጫፍ) ስም፣ በኮሚቱ (በተመዘገበው ለውጥ) መልእክት ወይም በፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ እንዲዋሃድ በሚቀርበው ጥያቄ) ርዕስ ላይ ከጻፈ፣ ለውጡ ጂራ ውስጥ ከጉዳዩ ጎን ይታያል። ከዘነጋው ግን ማገናኛው ቢጫንም ግንኙነቱ ባዶ ነው።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ነው። ልማቱን የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ይመራዋል፤ ኮዱ ጊትሃብ፣ የችግር መዝገቡ ጂራ ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር ለአገር አቀፍ የጤና መረጃ ይጠቀምበታል፤ ሶፍትዌሩ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ያውቃል። በአንድ ጤና ጣቢያ ሪፖርት ላይ የጳጉሜን ቀን ተዛባ እንበል። ስህተቱ ጂራ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፕሮግራመሩም ያንኑ ቁጥር በፑል ሪኩዌስቱ ርዕስ መጨረሻ በቅንፍ ያኖራል። ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ ከዓመታት በኋላ የተስተካከለውን የኮድ መስመር የሚከፍት ሰው፣ በቁጥሩ ወደ ጂራ ሄዶ ጳጉሜን ለብቻዋ ለምን እንደታየች ማንንም ሳይጠይቅ ይረዳል። ቁጥር የሌለው ፑል ሪኩዌስት እንዳይዋሃድ የሚያግድ ፍተሻ ጊትሃብ ላይ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ማስቀመጡም ይበጃል።